ፋይሎቼን የሚነካብኝ ሰው

እሑድ ሰኔ 7 ቀን 2001

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። ግን የዛሬውን ለሰው ማውራት አልቻልኩም። እዚህ ጅቡቲ የሆዴን የማጫውተው አንድ ሰው ቢኖር ሙሰዲቅ ነው፤ የዛሬው ጉዳይ ደግሞ ለሙሰዲቅ የሚነገር አይደለም።

እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ቢሮ የሚዘጋው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ማዳም ዓዚዛ ጠዋት ሁለታችንንም ጠራችን። አለቃችን ናት፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ እንከን አይወጣለትም። ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 የሚባለው ቦታ ያለው የድርጅታችን የከባድ መኪና ማቆሚያ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአዲሱ ፕሮግራም እንደሚሠራ ነገረችን። እስካሁን ፕሮግራሙ የሚመዘግበው የመኪናውን ሰሌዳ ብቻ ነው። አሁን የተሳቢው ሰሌዳም መግባት አለበት፤ ያ የእኔ ሥራ ነው። ሰርቨሩንና ኮዱ የሚቀመጥበትን ማከማቻ የሚይዘው ሙሰዲቅ ነው። ልንወጣ ስንል በር ላይ አስቆመችንና፣ ይህ ሥራ ሲያልቅ ሁለት ፕሮግራመር እንደማያስፈልጋት፣ አንዳችን ብቻ ሥራው ላይ እንደሚቀር ተናገረች። ፈገግ እያለች ነው የተናገረችው።

ሙሰዲቅ የሐረር ልጅ ነው። ሚስቱ ኢክላስና ሁለት ልጆቹ እዚሁ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር አብረውት ይኖራሉ። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እዚህ ሴዡር የምንለው፣ ሐምሌ 28 ያልቃል፤ የሚታደሰውም ማዳም ደብዳቤ ስትጽፍለት ነው። የእኔ እስከ ታኅሣሥ ይቆያል። ደረጃውን ስንወርድ «አላህ ያውቃል» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንዲህ አይቀለኝም ነበር። ምን ተማምኖ ነው?

ማክሰኞ ሰኔ 9

ካምሲኑ፣ አሸዋ የሚያመጣው ትኩስ ነፋስ፣ ጀመረ። ሄሮን ሰፈር ያለው ቢሯችን የፈረንሳዮች ዘመን ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ፍርግርግ፤ አሸዋው ግን በፍርግርጉ እየገባ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ሌሊት ሌሊት መብራት ይሄዳል። የእኔ ማሽን አሮጌ ናት፤ ውስጧ ያለው ባትሪ ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑም ሰዓቱም ይጠፋባታል። ለመነሳትም ዘገምተኛ ናት። ስለዚህ ቢሮ የምታጸዳው ቡርቱካን በማለዳ ስትገባ እንድትከፍትልኝ አስተምሬያታለሁ። ማሽኗ ቀን ስትጠይቃት ግድግዳው ላይ ካለው የፈረንሳይኛ ካላንደር፣ ሰዓት ስትጠይቃት ከእጅ ሰዓቷ እያየች ትሞላለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ከወሎ ተነስታ ወደ የመን ልትሻገር መጥታ ነው እዚህ የቀረችው። እኔ ስደርስ ማሽኗ ተዘጋጅታ ትጠብቀኛለች።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲያልፍ የተሳቢውን ክፍል ጨረስኩ። ስሙን በክፍሎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባሁ፣ በፍላሽ ወደ ሰርቨሩ ገለበጥኩ፣ ኮምፓይል አደረግኩ፤ ማሽኑ ክፍሎቹን ገጣጥሞ ፕሮግራም እንዲያደርጋቸው አዘዝኩ ማለት ነው። አንድም ስሕተት የለም። ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን ተሳቢ የሚባል ነገር የለበትም። ጭራሽ እንዳልጻፍኩት ሆነ። ሙሰዲቅ ከጎኔ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ሲገባ ከተማው ተበተነ፤ እሱም ወደ ቤቱ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ መጣሁ፣ አንዲት መስመር ነካ አድርጌ ደገምኩት። ሠራ። ሙቀቱ ነው ያሰከረኝ ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ሰኔ 15

ሙቀቱ አይደለም። ትናንትም ዛሬም ሆነ። ጠዋት የምጨምረው አይገባም፤ ከሰዓት የምጨምረው ይገባል። ያልገባውንም ማታ ማከማቻው ውስጥ ካኖርኩት በማግስቱ ልክ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለሰው ላሳይ ስል ሁልጊዜ ልክ ነው። እብድ የሚያደርግ ነገር ነው።

እስቲ ለራሴ ቁጭ ብዬ ላስረዳ። ሁለት ዓይነት ፋይል አለን። አንደኛው በእጃችን የምንጽፈው ነው። ሌላው ከኛ ጽሑፍ ተነስቶ ማሽኑ የሚያመነጨው፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገጠም የሚያዝዘው ነው። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ልኬት ይጽፋል፣ ከዚያ በልኬቱ ጨርቅ ይቆርጣል። ልኬቱ ከተለወጠ ጨርቁም እንደገና መቆረጥ አለበት። ማሽኑ ልኬቱ መለወጡን የሚያውቀው ግን አንብቦ አይደለም፤ የሁለቱን ፋይሎች ሰዓት አስተያይቶ ነው። በእጅ የተጻፈው ከመነጨው በኋላ የተጻፈ ከሆነ እንደገና ያመነጫል። ቀድሞ የተጻፈ ከመሰለው ግን የተለወጠ ነገር የለም ብሎ በአሮጌው ይሰፋል። ሙሰዲቅ ሰርቨሩን በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉንም ከማከማቻው አውጥቶ እንዲያመነጭ አዝዞታል። እኔ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እንደገና የማያመነጭበት ምክንያት የለም። የለም።

ለሙሰዲቅ ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የመነጩትን በሙሉ አጥፋቸውና እንደገና አመንጭ» አለኝ። አደረግኩት፤ በደቂቃ ተስተካከለ።

መድኃኒቱን እንዴት እንዲህ ቶሎ አወቀው? በሽታውን የማያውቅ ሰው መድኃኒት አያውቅም።

ሐሙስ ሰኔ 18

ሙሰዲቅ ኮሪደር ላይ በስልክ በሐረሪኛ ሲያወራ ነበር። ከመሀሉ ስሜን፣ «በፍቃዱ» ሲል ሰማሁ። ሳቀ። ሲገባ ማን ነው አልኩት፣ ወንድሜ ነው አለኝ። ወንድሙ እኔን ከየት ያውቀኛል?

እሑድ ሰኔ 21

አገኘሁት። 

ጠዋት የጻፍኩት አሁንም አልገባም። ዛሬ ግን አልደገምኩም። ሰርቨሩ ላይ የፋይሎቼን ሰዓት ብቻ አየሁ። ተሳቢ፦ 03:12። ዝርዝሩ፦ 03:20። የሐሙሱ ደግሞ 02:47። ማሽን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ማለት ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ጣራ ላይ ላቤን እየጠረግኩ እተኛለሁ። ቢሮው ተቆልፏል። ቁልፍ ያለው ማዳም፣ ሙሰዲቅ፣ ዘበኛውና እኔ ጋ ነው፤ ለቡርቱካን በማለዳ የሚከፍትላት ዘበኛው ነው።

ዘበኛውን አብዱላሂን ሌሊት ማን እንደገባ ጠየቅኩት። በሶማሊኛም በአማርኛም አድርጎ ዝንብ እንኳ አልገባም አለ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ጫቱን ማን እንደሚሰጠው አውቃለሁ፤ ሙሰዲቅ በየቀኑ ሲወጣ አንድ ዘለላ ያቀብለዋል። ታዲያ ምን ሊል ኖሯል።

ማክሰኞ ሰኔ 23

አንድ ነገር አልጥም ብሎኛል። የ03:12ቱን ፋይል ደጋግሜ አነበብኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእኔ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ፊደል አልተነካም። እንዲያውም እሑድ ጠዋት ቢሮ ተቀምጬ የጻፍኩት ነው። ታዲያ በዚያው ዕለት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዴት ሊኖር ይችላል?

ከዚያ ገባኝ። ማንም በሌሊት መግባት አያስፈልገውም። ፋይልን ሳይከፍቱ ሰዓቱን ብቻ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ አንዲት ትእዛዝ ናት። እኔ እገለብጣለሁ፤ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ ሰዓቱን ወደ ሌሊት ይጎትተዋል፤ ማሽኑ አሮጌ መስሎት ይዘለዋል። ምንም አሻራ የለም። «አጥፋና እንደገና አመንጭ» ያለኝም ለዚህ ነው፤ ማስረጃውን በገዛ እጄ እንዳጠፋለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምንም አላጠፋም። እንዳለ ይቀመጥ።

ዘበኛውን በከንቱ ጠረጠርኩት። ነገ ሲጋራ እገዛለታለሁ።

ዓርብ ሰኔ 26

እንደ ዓርቡ ሁሉ ሙሰዲቅ ቤት ምሳ በላሁ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ከቀረሁ ይነቃል ብዬ ሄድኩ። ኢክላስ ዓሣ በሩዝ ሠርታ ነበር። ትንሿ ልጅ ጭኔ ላይ ተቀምጣ እርሳሴን ወሰደችብኝ። ኢክላስ ስለ ሴዡሩ አነሳች፤ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግቡት እሱ ሲታደስ ነው፣ ካልታደሰ ሐረር ከቤተሰብ ጋር ተጠጋግተው ሊኖሩ ነው። «ሙሰዲቅ ግን አይጨነቅም። ማዳም በፍቃዱን ብታስቀር እንኳ በፍቃዱ ስለኔ ይናገርልኛል ይላል» አለችኝ።

ሚስቱን እንዲህ እንድትለኝ እሱ ነው ያዘዛት ብዬ አሰብኩ። ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ ባያዛትስ አልኩ። እንዲህ የምጠራጠር ሰው አልነበርኩም።

እሑድ ሰኔ 28

ዛሬ ሦስት ጊዜ ሳይታሰብ ዞሬ ስክሪኑን አየሁት። የሱ ስክሪን የልጆች ፎቶ፣ የሰዓት ምስል፣ የአየር ጠባይ፣ ምኑ ቅጡ፣ እንደ ሠርግ ቤት ያሸበረቀ ነው። እኔ ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደል ብቻ ነው የማየው፤ ጌጥ አልወድም። ምንም አላገኘሁበትም። ጠንቃቃ ነው።

ሐሙስ ሐምሌ 2

ተዋረድኩ።

ማዳም ትናንት ማታ ደውላ የውጭ አገር ሰሌዳ ያላቸው ተሳቢዎችም እንዲገቡ አዘዘች። ጠዋት ጻፍኩት፣ ኮምፓይል አደረግኩ፣ ጊዜ ስላልነበረ ሳልሞክረው ሦስታችን ወደ ፔካ 12 ሄድን። አቧራው፣ የናፍጣው ሽታ፣ እስከ አስፋልቱ የተሰለፈው መኪና። መጀመሪያ የመጣው ሾፌር ሰሌዳውን ነገረኝ፤ አስገባሁ። የተሳቢውን ሰጠኝ። «አይታወቅም» ይላል ፕሮግራሙ። ደገምኩት። አይታወቅም። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። ማዳም ፀሐይ ላይ ቆማ በመሐረብ አንገቷን ትጠርጋለች። ሙሰዲቅ ጠጋ ብሎ፣ እሷ እየሰማች፣ እንደገና አመንጭተኸው ነበር ወይ አለኝ።

እሷ እየሰማች!

ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወደ መኪናው ሄድኩ። ልቤ እንዲህ ነድዶ አያውቅም።

እሑድ ሐምሌ 5

ለማዳም ነገርኳት። በሩን ዘግቼ፣ የሰዓቶቹን ዝርዝር ከፍቼ፣ እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ አስረዳኋት።

«በዓይንህ አይተኸዋል?» አለችኝ።

«እጁን አላየሁም፤ ሰዓቱን ግን ይኸው እርስዎም እያዩት ነው።»

ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሰርቨሩን የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሙሰዲቅ አልኩ። ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ወይ አለች፤ የሚችል ሌላ ሰው የለም አልኩ። ይህ ደግሞ እውነት ነው፤ ሌላ የሚችል ሰው የለም። ሴዡሩ ሊያልቅ መሆኑን እንደምታውቅ ነገረችኝ። እኔም እንደማውቅ ነገርኳት። ከዚያ ደብዳቤውን አልጽፍለትም አለችና ሌላ ፋይል አነሳች።

ስወጣ ሙሰዲቅ ሻይ አስመጥቶልኝ ጠረጴዛዬ ላይ ሳህን ከድኖበት ነበር። አልጠጣሁትም። ቡርቱካን አነሳችው።

ማክሰኞ ሐምሌ 7

ዛሬ ወጣ። ማዳም ዘንድ ብዙም አልቆየም። ሲመለስ ፊቱ ያው ነው፤ የልጆቹን ፎቶ ከስክሪኑ ላይ ለማንሳት ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የምመልስለትን ሁሉ በቃሌ ይዤ ነበር።

«በፍቃዱ» አለኝ፣ «እኔ ብሆን መጀመሪያ አንተን ነበር የምጠይቀው።»

ይህን ብቻ ብሎ ሄደ።

አሁን ማታ ነው፤ ከዘጉበት ክፍል የወጣ ሰው እንደሚቀለው ቀሎኛል። ከእንግዲህ ሥራዬን የሚነካብኝ የለም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ምን እለው ነበር? እኔ ብጠይቀው ይክድ ነበር፤ ስለዚህ መጠየቁ ዋጋ አልነበረውም።

እሑድ ሐምሌ 12

ጠዋት የጻፍኩት አልገባም።

ሰዓቱ፦ 03:31።

ሰኞ ሐምሌ 13

ከውጭ እየገባ ነው። ሰርቨሩን እሱ ስለሠራው የኋላ በር ትቶበታል። የይለፍ ቃሉን ሁሉ ለወጥኩ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ።

ማክሰኞ ሐምሌ 14

ገመዱ ተነቅሎ፦ 02:58።

ሐሙስ ሐምሌ 16

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰርቨሩ ከማንም ጋር አልተገናኘም፤ የበሩም ቁልፍ ተለውጧል። ስለዚህ ከውስጥ ነው። ከውስጥ የቀረነው ማዳም፣ ዘበኛው፣ እኔና ቡርቱካን ነን።

ቡርቱካን! ከማንም በፊት የምትገባው እሷ ናት። ማሽኔን በየጠዋቱ የምትነካው እሷ ናት። ኢክላስ ልብስ እንደሰጠቻት በዓይኔ አይቻለሁ። የሞኝ ፊት አላት፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። ከበዓል ቀን ውጭ ሥራ ቀርታ አታውቅም፤ ለምን አትቀርም?

እሑድ በማለዳ ከሷ ቀድሜ እገባለሁ።

እሑድ ሐምሌ 19

ዘበኛውን ዝም በል ብዬ ቀድሜ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ትልቅ ሰውዬ ከመጋረጃ ኋላ።

መጣች። ጫማዋን አውልቃ መስኮቶቹን ከፈተች፣ አሸዋውን ጠረገች። የሙሰዲቅን ጠረጴዛም ወለወለች፤ ሰው ባይኖርበትም። ከዚያ ወደ ማሽኔ መጣችና አበራቻት። ቆማ ጠበቀች። ጥያቄው ሲመጣ ካላንደሩን በጣቷ ፈልጋ ቀኑን በአንድ ጣት ለቀም ለቀም እያደረገች ሞላች። ቀጥሎ ክንዷን ወደ ብርሃኑ አነሳች፣ ሰዓቷን አየች፣ ሞላች።

ከመጋረጃው ስወጣ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ስክሪኑን አየሁት። 01:20 ይላል።

ውጭ ፀሐይዋ ወጥታ ባሕሩ ያንጸባርቃል።

«ቡርቱካን፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት ከሃያ ነው፣ ጋሼ» አለችና ሰዓቷን አሳየችኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ «እንዳሳዩኝ ነው የሞላሁት። አጠፋሁ እንዴ?» አለች።

አላጠፋሽም አልኳት። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት ነው። እኛና ፈረንጅ በምንቆጥረው መካከል ያለው ስድስት ሰዓት። እሷ ያየችውን ሞላች፤ ማሽኔም በሷ ሰዓት ሄደች፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጻፍኩትን 03:12 ብላ አተመችበት። ሰርቨሩ ግን በትክክለኛው የፈረንጅ ሰዓት 8 ላይ፣ በእኛ ሁለት ሰዓት፣ አመንጭቶ ጨርሷል። ከሰዓት በኋላ የምጽፈው ስድስት ሰዓት ተቀንሶለትም ከ8 ስለሚበልጥ ያልፋል። መብራት ቀን ጠፍቶ ራሴ ስሞላውማ ልክ ነው። ማንም አልገባም። ማንም አልነካም። ሰዓት ሙዪበት ያልኳት እኔ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝ፤ ለምን ትጠይቃለች፣ ሰዓት ሰዓት ነው። «አጥፋና እንደገና አመንጭ» ያለኝ ሰው ደግሞ ማንኛውም ጎበዝ የሚለውን ነው ያለኝ።

ሴዡሩ የሚያልቀው ማክሰኞ ሳምንት ነው። ጊዜ አለ። ለማዳም ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ ሐምሌ 21

ካርቲየ 7 ቢስ ሰዓት ከሚጠግነው ሰውዬ አንዲት ክብ ባትሪ ገዛሁና ለወጥኩ። ቡርቱካንን ማሽኔን ከእንግዲህ እንዳትነካ ነገርኳት። ምን አጠፋሁ ብላ እንደገና ጠየቀችኝ። ከጠዋት ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ይገባል። አንድም አያመልጥም።

ማዳም ከወደብ ሰዎች ጋር ስብሰባ ነበራት። እንግዳ እያለ የሚነገር ነገር አይደለም።

ሐሙስ ሐምሌ 23

ማዳም ራሷ ጠራችኝ። አሁን ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ፕሮግራሙ ከሙሰዲቅ መሄድ ወዲህ እንደ ሰዓት መሥራቱን ሰምታለች፤ ለቀጣዩ ዓመት እኔ እንደምቀርና ሴዡሬንም በጊዜው እንደምታሳድስልኝ ነገረችኝ። «ያን ቀን ባትነግረኝ ኖሮ» አለች።

አመሰገንኳት። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልጀምር? ሰዓት የማታውቅ ማሽን የማን ናት ብትለኝስ? ከሁለት አንዱ ነው የሚቀረው ያለችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ቢሆንም እነግራታለሁ። ቃሉን ነው የምፈልገው። እሑድ።

ዓርብ ሐምሌ 24

ምሳ ሰዓት ላይ በመንገዳቸው አለፍኩ። የኢክላስ መጋረጃ ተነቅሏል። አልገባሁም።

እሑድ ሐምሌ 26

ማዳም ሙሉ ቀን ፔካ 12 ነበረች።

ማታ ስልክ ልደውልላት ቁጥሩን አወጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።

ማክሰኞ ሐምሌ 28

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ሐሙስ ሐምሌ 30

ፕሮግራሙ ዛሬ ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ቀን እኔው በር ላይ እንድቀመጥ ማዳም አዘዘችኝ። ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣው መኪና በእኔ በኩል ያልፋል። ሰሌዳ፣ ተሳቢ፣ እለፍ። ሰሌዳ፣ ተሳቢ፣ እለፍ። አንዴም አይታወቅም አላለም። ሾፌሮቹ ጥሩምባ መንፋት ትተው ነበር።

ከቀትር በፊት አንድ ቀይ መኪና ከነተሳቢው መጣ። ተሳቢው ጫፍ ላይ ፍራሽ፣ የልጅ አልጋና ቬንትሌተር ታስሯል። ሾፌሩ ሰሌዳውን ሲሰጠኝ ቀና አልኩ፤ ከጎኑ ሙሰዲቅ ተቀምጧል፣ ከኋላው ኢክላስና ልጆቹ።

መጀመሪያ ያወራችኝ ኢክላስ ናት። ዓርብ ዓርብ ለምን ጠፋህ ብላ ወቀሰችኝ፤ ሐረር ስትመጣ ደግሞ ሌላ ቤት እንዳታርፍ አለችኝ። ድምጿ እንደ ድሮው ነው። ያኔ ገባኝ፤ ማን እንዳስወጣቸው አልነገራትም።

ሙሰዲቅ ወርዶ ወደ መስኮቴ መጣ። የተሳቢውን ቁጥር አስገባሁ፤ ወዲያው ተቀበለ። ስክሪኑን አየና፣ ሠራ አይደል አለኝ። ሠራ አልኩት። ችግሩ ምን ሆኖ ተገኘ አለ። እንደ ባለሙያ ነው የጠየቀኝ፣ እንደ ባለጉዳይ አይደለም።

«የማሽኔ ባትሪ ሞቶ ነበር» አልኩት።

ፊቱ ላይ ነገሩ አንድ በአንድ ሲገጣጠም አየሁት።

«ጠዋት የምትከፍትልህ ቡርቱካን ናት» አለ። አዎ አልኩ። «በእጅ ሰዓቷ።» አዎ። ሊስቅ ሲል አየሁት፤ ከዚያ ተወው። እኔ ግን ስቆ ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

«ለማዳም ነግረሃታል?»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ወረቀቴ ያለቀው ማክሰኞ ነው፣ በፍቃዱ» አለኝ። ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ኢክላስ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ትንሿ ልጅ የወሰደችብኝን እርሳስ ይዛለች። እለፍ የሚለውን የምጫነው እኔ ነኝ። ተጫንኩት።

አሁን ቤቴ ነኝ። የምላትን ሁሉ አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈርኩት፤ ባትሪውን፣ ሰዓቱን፣ ሙሰዲቅ አለመንካቱን፣ ደብዳቤውን ዛሬም ብትጽፍለት ድሬዳዋ ላይ ሊደርስበት እንደሚችል። ነገ ጠዋት ከምንም በፊት ማዳም ቢሮ እገባለሁ። ጥቁሩን ሱሪዬን ተኩሼ ወንበሩ ላይ ካኖርኩት በኋላ ነው ነገ ዓርብ መሆኑን ያስተዋልኩት፤ ቢሮው ዝግ ነው።